ጭሱ ወደ ዳገቱ ሲወጣ
ስለ ወደብ ከተሞች ንጹሕ ኃይልና ስለ ኮምቦልቻ መንገድ

(ኮምቦልቻ ላይ ለሹፌሮች፣ ለነጋዴዎችና ለቴክኖሎጂ ተማሪዎች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል።)

እንደምን ዋላችሁ፤ አሰላሙ ዓለይኩም። ቡናው ገና አቦል ላይ ነው። በረካው ሳይደርስ ለመጨረስ እሞክራለሁ፤ ቃል ግን አልገባም።

ስለ ወደብ ከተሞች ንጹሕ ኃይል ለመናገር ወሎ ድረስ መምጣቴ ግር ያላችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ባሕሩ ከዚህ ሩቅ ነው። ነገር ግን ከጂቡቲ የተነሣው ኮንቴይነር በጋላፊ ገብቶ፣ ሚሌ ላይ ታጥፎ፣ በባቲ በኩል ዳገቱን ወጥቶ የሚራገፈው እዚሁ ከተማችሁ ባለው ደረቅ ወደብ ነው። የኢትዮጵያ የውጭ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በጂቡቲ ነው። ስለዚህ ጂቡቲ ላይ የሚቆመው መርከብ ምን እንደሚያቃጥል፣ ክሬኑ በምን እንደሚሠራ፣ ዕቃውን የሚያነሣው መኪና ምን እንደሚጠጣ መወሰን ማለት ስለ ኮምቦልቻ መወሰን ማለት ነው። የዛሬው ነገሬ በአጭሩ ይህ ነው፦ የወደብ ከተማ ንጹሕ ኃይል ባሕር ዳር ላይ ብቻ ከታሰበ ጭሱ አይጠፋም፤ ከባሕሩ ዳር ተነሥቶ ወደ ዳገቱ ይወጣል። ዳገቱ ላይ ደግሞ ያለነው እኛ ነን።

በመጀመሪያ ውሃው ዳር ያለውን ነገር ልንገራችሁ፤ ብዙዎቻችን በዓይናችን ያላየነው እሱን ነውና።

መርከብ ወደብ ሲደርስ ዋናውን ሞተር ያጠፋል፤ ረዳት ጄኔሬተሮቹ ግን ሌት ተቀን ይሠራሉ። መብራት አለ፤ ፓምፕ አለ፤ የሠራተኞቹ ማብሰያ ቤት አለ፤ ሥጋ፣ ፍራፍሬና መድኃኒት የያዙ ማቀዝቀዣ ኮንቴይነሮች አሉ። አንድ የኮንቴይነር መርከብ ቆሞ ብቻ ከ1 ሜጋ ዋት አንሥቶ እስከ በርካታ ሜጋ ዋት ይበላል። ወደቡ አጠገብ ያሉ ሰፈሮች ይህን ጭስ ለአሥርተ ዓመታት ሲተነፍሱት ኖረዋል። መፍትሔው በወሬ ደረጃ ቀላል ነው፤ ከየብስ ወፍራም ገመድ ዘርግቶ መርከቡን በከተማው ኤሌክትሪክ ማገናኘትና ጄኔሬተሩን ማጥፋት። የስዊድኗ ጎተንበርግ እ.ኤ.አ. በ2000 በከፍተኛ ቮልቴጅ የጭነት መርከቦችን ማገናኘት ጀመረች። ሎስ አንጀለስ በ2004 የኮንቴይነር መርከቦችን ተከተለች። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከ2030 ጀምሮ በዋና ዋና ወደቦቹ የሚቆሙ የኮንቴይነርና የመንገደኛ መርከቦች በየብስ ኤሌክትሪክ እንዲጠቀሙ በሕግ ደንግጓል።

ቀላል ነው ያልኩት በወሬ ደረጃ ነው። አብዛኞቹ ትልልቅ መርከቦች የሚሠሩት በ60 ኸርዝ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በሰከንድ 60 ጊዜ እየተመላለሰ ሲሆን የእኛም የጂቡቲም የኤሌክትሪክ መረብ ግን 50 ኸርዝ ነው። የኤሌክትሪክ ተማሪዎች ምን እንደምል ገብቷችኋል። በመካከል ድግግሞሹን የሚቀይር ትልቅ መሣሪያ መተከል አለበት። ከዚያ 6.6 ኪሎ ቮልት የሚሸከም ገመድ፣ ገመዱን የሚያነሣ ክንድ፣ ሳይቋረጥ የሚያሻግር መቆጣጠሪያ ይመጣል። ገንዘቡን ማን ያውጣ በሚለው ላይ ወደቡና የመርከብ ባለቤቱ ለዓመታት ተፋጥጠዋል። ወደቡ «መሰኪያ የሌለው መርከብ እያመጣህ ለማን ልዘርጋ?» ይላል፤ ባለመርከቡ «መሰኪያ የሌለው ወደብ እየሄድኩ ለምን ልግጠም?» ይላል። ካሊፎርኒያ ይህን ክርክር የጨረሰችው በግዴታ ሕግ ነው። በልመና ቢሆን ኖሮ እስካሁን ይከራከሩ ነበር ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ጎረቤታችን እንመለስ። ጂቡቲ እስከ እ.ኤ.አ. 2011 ድረስ መብራቷን የምታገኘው ከውጭ በሚገባ ነዳጅ ከሚሠሩ ጣቢያዎች ነበር። በዚያ ዓመት ከድሬዳዋ በኩል የተዘረጋው የ230 ኪሎ ቮልት መስመር ሥራ ጀመረና የኢትዮጵያ የውሃ ኃይል ወደ ወደቧ ከተማ ገባ። በ2023 ደግሞ ጎቤት በሚባለው ነፋሻ ስፍራ 17 ተርባይኖች ያሉት የ60 ሜጋ ዋት የነፋስ ጣቢያ ተመረቀ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ የወደቧ ከተማ ንጹሕ ኃይል ከነፋሱ በፊት የመጣው ከደጋው ነው። ከአባይ፣ ከጊቤ፣ ከበለስ፣ ከተከዜ። ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ከውሃ የሚገኝ ሲሆን፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው።

ሁለተኛ መስመርም ታቅዷል። የአፍሪካ ልማት ባንክ የሚደግፈው ይህ ፕሮጀክት የሚነሣው ከየት እንደሆነ ታውቃላችሁ? ከዚሁ ከኮምቦልቻ፣ ኮምቦልቻ ሁለት ከሚባለው የኃይል ማከፋፈያ ጣቢያ ነው። በሚሌና በሰመራ አድርጎ በጋላፊ ይሻገርና ጂቡቲ ናጋድ ይገባል። ማለትም ሹፌሮቻችን ኮንቴይነር ይዘው የሚወጡበትን መንገድ ኤሌክትሪኩ በተቃራኒው ይወርድበታል። ነገ አንድ መርከብ በጂቡቲው ዶራሌ ወደብ ላይ ቆሞ ጄኔሬተሩን ቢያጠፋ የሚጠጣው ኃይል በእናንተ ራስ ላይ ያለፈ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ከፍተኛ መስመር በቀበሌ ላይ አለፈ ማለት ቀበሌው መብራት አገኘ ማለት አይደለም። ከዚያ ምሰሶ ላይ ለቤት የሚሆን ነገር አይወርድም፤ ቮልቴጁን ዝቅ የሚያደርግ ጣቢያ፣ ከዚያ ማከፋፈያ መስመር፣ ከዚያ ትራንስፎርመር ይፈልጋል። ከምሰሶው ሥር እየኖረ በኩራዝ የሚያመሽ ሰው ስለ ጂቡቲ መርከብ ንጽሕና ቢነገረው ቢስቅብን ልንቆጣው አይገባም። ኤሌክትሪክ ለውጭ መሸጥን አልቃወምም፤ ዶላሩ ያስፈልገናል። ነገር ግን ከሽያጩ ገቢ ጥቂቱ መስመሩ ለሚያልፍባቸው ቀበሌዎች ትራንስፎርመር መግዣ ቢታሰር ምን ይጎድልብናል?

ወደ መንገዱ ልምጣ። ከዚህ ወዲያ ያለውን ሹፌሮቹ ከእኔ ይበልጥ ታውቁታላችሁ፤ የእኔ ድርሻ ሒሳቡን መሥራት ብቻ ነው።

ጂቡቲ ወደብ በባሕር ጠለል ላይ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። ከነጭነቱ 40 ቶን የሚመዝን ተሳቢ እዚህ ለመድረስ፣ የጎማውንና የነፋሱን ግጭት ትተን፣ ክብደቱን ወደ ላይ ለማንሣት ብቻ 200 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ጉልበት ያስፈልገዋል። አንድ ሊትር ናፍጣ በውስጡ 10 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ኃይል ቢኖረውም ጥሩ የሚባል የናፍጣ ሞተር ወደ ጎማ የሚያደርሰው 40 በመቶውን ነው፤ ቀሪው ሙቀት ሆኖ በራዲያተርና በጭስ ማውጫ ይሄዳል። ስለዚህ 50 ሊትር ናፍጣ የሚቃጠለው ለከፍታው ብቻ ነው። ሚሌ ላይ ወርዶ መውጣቱ፣ ሜዳው፣ ነፋሱ፣ ተራ እየጠበቁ ሞተር እያሠሩ መቆሙ ሁሉ ከዚህ በላይ ነው። ከባቲ ወዲህ በከባድ ማርሽ እያቃሰተ ሲወጣ ያ ጥቁር ጭስ የሚቀረው የት ነው? የባቲ የሰኞ ገበያተኛ ይተነፍሰዋል። መንገድ ዳር ሻይ የምታፈላው እናት ትተነፍሰዋለች። ከዚህ ተነሥቶ በሐረጎ ወደ ደሴ ሲቀጥል ደግሞ ሌላ ከ600 ሜትር በላይ ዳገት አለ።

መርከቡን ካየን ይህንንም እንይ። ከጥር 1 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መርከቦች የሚያቃጥሉት ነዳጅ በውስጡ ያለው ድኝ ከ3.5 በመቶ ወደ 0.5 በመቶ እንዲወርድ ዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት አስገድዷል። ያ ትልቅ ሥራ ነበር። ለዳገቱ ግን እንዲህ ያለ ስብሰባ አልተጠራለትም።

የኤሌክትሪክ ተሳቢስ ይወጣዋል? ይወጣዋል። ዳገት ላይ እንዲያውም ከናፍጣው ይሻላል፤ ማርሽ መቀያየር የለም፤ ጉልበቱ ከመነሻው ሙሉ ነው። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ሞተሩ ጄኔሬተር ይሆንና መኪናውን እየያዘ ባትሪውን ይሞላል። ከሐረጎ ስትወርዱ ፍሬን ግሎ ሲሸት የምታውቁት ነገር አለ፤ ያ የሚሸተው የባከነ ኃይል ነው። ችግሩ ባትሪው ላይ ነው። ቻይና ውስጥ በወደቦችና በማዕድን ቦታዎች የሚሠሩ ከባድ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ብዙዎቹ 300 እና 400 ኪሎ ዋት ሰዓት አካባቢ የሚይዙ ባትሪዎች አሏቸው። ከዚያ ውስጥ 200ውን ከፍታው ብቻ ከወሰደው ከጂቡቲ ኮምቦልቻ በአንድ ሙሌት መድረስ የማይታሰብ ነው። ሚሌ ላይ መሙያ ወይም ባትሪ መለወጫ ያስፈልጋል፤ ሚሌ ደግሞ ሙቀቱ ለባትሪ ምቹ አይደለም፤ ማቀዝቀዣው ራሱ ኃይል ይበላል። ስለዚህ ነገ ጠዋት ሁሉም ተሳቢ በኤሌክትሪክ ይሆናል የሚላችሁ ሰው ዳገቱን አያውቀውም።

አይሆንም የሚላችሁም ያው ነው። እኔ ብሆን የምጀምረው ከአጭሩ ነው። ከደረቅ ወደቡ ወደ ኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ ከፓርኩ ወደ ፋብሪካዎቹ፣ ከኮምቦልቻ ደሴ ያለው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ። እነዚህ መኪናዎች ማታ ማታ ወደ አንድ ግቢ ይመለሳሉ፤ መሙያው አንድ ቦታ ላይ ይበቃል። በደረቅ ወደቡ ውስጥ ኮንቴይነር የሚያነሡና የሚደረድሩ ማሽኖችም ቀኑን ሙሉ ከአንድ ግቢ አይወጡም። ሮተርዳም የጀመረችው እንዲህ ነው፤ ማስፍላክተ በሚባለው የወደቡ ክፍል ኮንቴይነር የሚያመላልሱ ሹፌር አልባ ተሽከርካሪዎች በባትሪ ይሠራሉ። ሹፌር አልባ ይሁን እያልኩ እንዳልሆነ እባካችሁ ተረዱልኝ፤ ከፊት ያሉት አባቶች ፊታቸው ሲለወጥ አይቻለሁ።

እዚህ ላይ ወሎ ስለ ወደብ ከሌላው ይልቅ የምታውቀውን ነገር ማንሣት አለብኝ። የደሴና የአሰብ መንገድ ጣልያን ከገባ ጀምሮ የዚህ አገር ጉሮሮ ነበር። አሰብ ላይ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተሠራው የነዳጅ ማጣሪያ እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1997 ሲሠራ ቦቴው የሚወጣው በዚሁ በባቲ ነበር። በ1977 ዓ.ም. የእርዳታው እህል አሰብ ወደብ ላይ ተከምሮ ሳለ ካሚዮን አልበቃ ብሎ ሲዘገይ፣ ሰው ደግሞ እዚህ ሲረግፍ ያዩ ዓይኖች አሁን በዚህ አዳራሽ ውስጥ አሉ። ወደብ፣ መንገድና ነዳጅ ከእናንተ ሕይወት ጋር እንዴት እንደተሳሰሩ ላስተምራችሁ አልመጣሁም። ለዚህም ነው አንድ ወጣት ባለሙያ «የሎጂስቲክስ ኢነርጂ» ማለትም የዕቃ ማጓጓዣ ኃይል ጉዳይ «ለዚህ አካባቢ ቅንጦት ነው» ሲል ስሰማ ደሜ የሚፈላው። አገር በሙሉ በአንድ ነዳጅ፣ በአንድ መንገድ፣ በአንድ ወደብ ላይ ተንጠልጥሎ ሲኖር ምን እንደሚመጣ ወሎ ዋጋ ከፍላ አይታዋለች።

ባቡሩን እንዴት እረሳዋለሁ! ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ ወደ ሐራ ገበያ የሚሄደው፣ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው መስመር ውሉ ከቱርኩ የግንባታ ኩባንያ ያፒ መርኬዚ ጋር የተፈረመው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። የኤሌክትሪክ ባቡር ነው። ዋሻው ተቆፈረ፤ ድልድዩ ተሠራ፤ ሐዲዱ እስከ ኮምቦልቻ ተነጠፈ። ከዚያ ምን ጎደለ ቢባል፣ ከሁሉ አስቀድሞ መምጣት የነበረበት ኤሌክትሪኩ ጎደለ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ! ከዚያ ላይ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ መጣና የግንባታ ካምፖቹ ተዘረፉ። ይኸው እስካሁን መደበኛ አገልግሎት አልጀመረም።

ይህ መስመር ለእኔ ከሁሉም የንጹሕ ኃይል ወሬዎች ይበልጣል። ብረት በብረት ላይ ሲንከባለል የሚኖረው ግጭት ከጎማና ከአስፋልት እጅግ ያነሰ ስለሆነ ባቡር አንድ ቶን ዕቃ ለማንቀሳቀስ የሚፈልገው ኃይል የመኪናውን ጥቂት እጅ ያህል ነው። ባትሪ አያስፈልገውም፤ ከላይ ካለው ሽቦ ይወስዳል፤ ሲወርድ ይመልሳል። ተቃውሞውን አውቃለሁ። በአዋሽ መዞሩ ከሚሌው መንገድ ይረዝማል፤ እውነት ነው፣ ዙሪያ ጥምጥም ነው። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የሚሠራው የአዲስ አበባ ጂቡቲ ባቡርም መብራት እየተቋረጠበት ተቸግሯል፤ ግመልና ከብት እየገጨ ከአርብቶ አደሩ ጋር ተጣልቷል። ይህም እውነት ነው። ነገር ግን አስቸጋሪውንና ውዱን ሥራ፣ ተራራውን መቦርቦሩን፣ ጨርሰናል። የቀረው የማከፋፈያ ጣቢያና የሽቦ ጉዳይ ነው። በቅርብ ዓመታት የውጭ ኩባንያዎች በኮንቴይነር ውስጥ ኮምፒውተር ደርድረው ቢትኮይን እያመረቱ ኤሌክትሪካችንን በብዛት ሲገዙ አይተናል። ለዚያ የተገኘ ኃይል ለባቡሩ እንዴት ጠፋ ብሎ መጠየቅ የእናንተ መብት ነው።

ስለ ፋብሪካዎቹ አጭር ነገር ብዬ ልለፍ። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ፋብሪካ ታስቦ ነው። ፋብሪካ ግን መብራት ሲጠፋበት ናፍጣ ጄኔሬተር ያስነሣል። ያ ናፍጣ በመርከብ መጥቶ፣ በቦቴ ዳገቱን ወጥቶ፣ እዚህ ተቃጥሎ የውሃ ኃይልን ይተካል። ለአውሮፓ ገዢ የሚሸጥ ልብስ ስፌት ላይ ይህ ጭስ መቆጠር ሲጀምር ዋጋ እንደሚያስከፍለን አትጠራጠሩ። ማስተካከያው ጣሪያ ላይ የሚነጠፍ የፀሐይ ፓነልና ባትሪ ነው፤ የዚህ አገር ፀሐይ ምቀኛ የለባትም።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ማን ይክፈል?

የሎስ አንጀለስና የሎንግ ቢች ወደቦች እ.ኤ.አ. በ2006 የአየር ማጽጃ ዕቅድ አወጡ። ከጥቅምት 2008 ጀምሮ አሮጌ መኪናዎች ወደብ እንዳይገቡ እየከለከሉ ሄዱ። ውጤቱ አስደናቂ ነበር፤ ከ2005 ጋር ሲነጻጸር የናፍጣ ጥላሸት ከ80 በመቶ በላይ ወረደ። በየጉባኤው የሚነገረው ይህ ክፍል ነው። ሌላው ክፍል ሲነገር አትሰሙትም። የአዲሶቹን መኪናዎች ዋጋ ብዙ የትራንስፖርት ድርጅቶች በሹፌሩ ላይ ጣሉት። ሹፌሩ «የራስህ መኪና ነው» እየተባለ በኪራይ ግዢ ውል ፈረመ፤ ከሳምንት ገቢው ላይ የመኪናው ክፍያ፣ ናፍጣው፣ መድኑ እየተቆረጠ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ የሚገባ ነበር። ታሞ ጥቂት ቀን ከቀረ መኪናውንም የከፈለውንም ያጣ ነበር። አየሩ ጸዳ፤ ዕዳው ግን ዝቅተኛው ሰው ጫንቃ ላይ ቀረ።

ከዚህ የምወስደው ለእኛ ግልጽ ነው። በእኛ አገር ብዙ ተሳቢ የግለሰብ ወይም የጥቂት ዘመዳሞች ንብረት ነው፤ በባንክ ብድር የተገዛ፣ ቤት የተያዘበት። መንግሥት ከጥር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወስኗል። ስለ ቤት መኪና ነው፤ ደፋር ውሳኔ ነው፤ በአብዛኛውም እደግፈዋለሁ። ነገ ግን ይህ ወደ ከባድ መኪና ይምጣ ከተባለ ብድሩ በስንት ዓመት፣ ወለዱ በስንት፣ ባትሪው ቢሞት ኃላፊው ማን ነው የሚለው ከቀኑ በፊት ይጻፍ። ባትሪውን ኩባንያ ይዞት ሹፌሩ እየተከራየ የሚለዋውጥበት አሠራር ቻይና ውስጥ ሰፍቷል፤ ከመኪናው ዋጋ ከባዱን ክፍል ከሹፌሩ ላይ ያነሣለታል። መንገድ ላይም ባትሪ ለመሙላት ሰዓታት አይቆምም። ለሚሌና ለኮምቦልቻ የማየው መንገድ ይህ ነው።

ሃይድሮጅንስ? የምትሉ ተማሪዎች አላችሁ። በጂቡቲና በሌሎች የቀይ ባሕር ወደቦች ስለ አረንጓዴ ሃይድሮጅን፣ በንጹሕ ኤሌክትሪክ ከውሃ ስለሚወጣው ጋዝ፣ ብዙ ይወራል። ላም አለኝ በሰማይ እንዳይሆን እሰጋለሁ። ኤሌክትሪኩን ወደ ሃይድሮጅን ቀይሮ እንደገና ወደ ኤሌክትሪክ ሲመልሱት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ኃይል በመንገድ ይጠፋል። ረጅም ባሕር ለሚያቋርጥ መርከብ ከእርሱ የሚሠራ ነዳጅ ያስፈልግ ይሆናል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ሜታኖል በሚባል ነዳጅ የምትሠራው፣ ማርስክ የተባለው የዴንማርክ ድርጅት የኮንቴይነር መርከብ ወደ ሥራ ገብታለች። ለዳገታችን ግን ሽቦና ባትሪ ይበቃል። ደግሞም መርከቦቹ መቼ እንደሚለወጡ እንኳ ዓለም አልተስማማም፤ በ2050 ገደማ ከብክለት ነፃ እንሁን ብለው በ2023 ቃል የገቡ አገሮች፣ ለብክለቱ ዋጋ የሚያስከፍለውን ደንብ ለማጽደቅ በጥቅምት 2025 ተሰብስበው ውሳኔውን ለአንድ ዓመት አስተላልፈውታል። እነሱን ስንጠብቅ የኮምቦልቻ ሽቦ እንዳይዘገይ።

ሰዓቱ ሄዷል፤ በረካውም ሸቷል። ከተነሡት ጥያቄዎች ሁለቱን ልመልስ።

ከፊት የተቀመጡት ጋሼ፣ አሰብ ድረስ የነዱ ሰው፣ «ልጄ፣ ናፍጣ ቢጠፋ የፖምፓ ሠሪው፣ የኢንጀክተር አጣቢው፣ የዘይት ሻጩ ልጆች ምን ይበሉ?» ብለዋል። ጋሼ፣ የኤሌክትሪክ መኪናም ጎማ አለው፤ ፍሬን፣ መሪ፣ ባሌስትራና ተሳቢ አለው፤ ቀጥቃጭና ባለጎማ ሥራ አያጣም። የፖምፓ ሠሪው ግን እውነትም ያጣል፤ ልሸፍንልዎ አልችልም። የዴንማርኳ ኤስቢየር በመጀመሪያ የዓሣ ማስገሪያ፣ ቀጥሎ የሰሜን ባሕር ዘይት፣ አሁን ደግሞ የነፋስ ተርባይን መጫኛ ወደብ ናት፤ ብረት በያጅና መካኒኳ ሙያውን ይዞ ከዘይቱ ወደ ነፋሱ ተሻግሯል። ሽግግሩ የተጀመረው ዘይቱ ሳያልቅ ነው፤ የእኛም ሥልጠና ቀድሞ ይጀመር። እዚሁ ኮምቦልቻ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ፤ ጋራዦቹ ደግሞ አጥሩን ተሻግረው ነው ያሉት።

ከኋላ ያለሽው እኅቴ ደግሞ «እኛ ጋራዥ አሁኑኑ ሠራተኛ ልናሠለጥን ብንፈልግ ከምን እንጀምር?» ብለሻል። ከጓንት ጀምሪ። ቀልዴን አይደለም። የኤሌክትሪክ ከባድ መኪና ባትሪ ከ500 ቮልት በላይ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ይይዛል፤ መብራቱ ጠፍቷል ብሎ እጁን ያስገባ መካኒክ ሁለተኛ ዕድል የለውም። ብርቱካንማው ገመድ ማለት አትንኩ ማለት ነው። የመጀመሪያው ትምህርት ዋናውን ማቋረጫ ነቅሎ መቆለፍ፣ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ፣ ከዚያ በሜትር ለክቶ ዜሮ መሆኑን ማየት ነው። ሁለተኛው ባትሪ ሲግልና ሲያብጥ ማወቅ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ዕቃ ውድ አይደለም፤ አንድ አሮጌ የኤሌክትሪክ ሚኒባስ ገዝቶ ፈትቶ መግጠም ይበቃል። ሦስትና አራት ጋራዦች ተዋጥታችሁ ብትገዙ ኢንስቲትዩቱ መምህር እንዲሰጣችሁ እኔ ደብዳቤውን እጽፋለሁ።

የኃይል ማከፋፈያ ባለሙያውም እጃቸውን አውጥተው ቆይተዋል። ስለ ባቡሩ ሽቦ የተናገርኩት ላይ ቅሬታ እንዳላቸው ከፊታቸው ገምቻለሁ። ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቁታልና ማይኩን ለእሳቸው ልስጥ፤ ስንት ሜጋ ዋት እንደሚጎድልና ማን ምን እንዳልፈረመ ይንገሩን።